ባዶውን የሚኖር ዕቃ

ጠርሙስ መያዣ ለመንደፍ የተቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ጠርሙሶቹ ነው። እኔም ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። ስድስት ጠርሙሶችን በሁለት ረድፍ ሣልኩ፤ በዙሪያቸው ግድግዳ አቆምኩ፤ ከላይ እጀታ ጨመርኩ፤ ዕቃው እንዴት እንደሚታጠፍ ማሰብ የጀመርኩት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነበር። ዛሬ የዚያን ጊዜ ደብተሬን ስገልጥ፣ ሁለት ዓመት ያህል ያለፋኝን ስህተት ከመጀመሪያው ገጽ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። መያዣው ጠርሙስ ተሸክሞ የሚቆየው ከመደብሩ እስከ ቤት ባለችው መንገድ ብቻ ነው፤ የቀረውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ባዶውን፣ ከበር ጀርባ ተሰቅሎ ወይም ከመደርደሪያ ሥር ተገፍቶ ነው። እኔ ግን የነደፍኩት ለዚያች አጭር መንገድ ነበር።

የመጀመሪያው ንድፍ ባለ 1 ሊትር የመስታወት ጠርሙሶችን የሚይዝ ነበር። ስድስት ሊትር ፈሳሽ 6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ መስታወቱ ብቻውን በየጠርሙሱ ግማሽ ኪሎ ስለሚጨምር፣ እጅ ላይ የሚያርፈው ከ9 ኪሎ ያላነሰ ሸክም ነው። መስታወት ከመስታወት እንዳይጋጭ በየጠርሙሱ መካከል መለያ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ መለያዎቹም ከዋናው አካል ጋር አብረው እንዲታጠፉ እንደ መቀስ የሚዘጋ መስቀለኛ አሠራር አበጀሁላቸው። በጣም ኮርቼበት ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ ያምራል፤ በካርቶን ሲሠራም ሲከፈትና ሲዘጋ ማየት ደስ ይላል።

ካርቶኑን ይዤ የሄድኩት ዕድሜያቸውን በሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲክ ቀልጦ በሚቀረጽበት ቅርጽ፣ ሥራ ወዳሳለፉ አንድ አዛውንት ዘንድ ነበር። አገላብጠው አዩት፤ ዘረጉት፤ አጠፉት፤ እንደገና ዘረጉት። ከዚያም «ልጄ፣ ይህን የምታጥፈው መቼ ነው?» አሉኝ። ባዶ ሲሆን ነው ብዬ መለስኩ። «ባዶ የሚሆነውስ መቼ ነው?» አሉ። ጠርሙሶቹ ቤት ከገቡ በኋላ አልኳቸው። «ባዶዎቹን ጠርሙሶች ታዲያ በምን ልትመልሳቸው ነው?»

መልስ አልነበረኝም። ጠርሙስ የሚመለስ ከሆነ፣ ሰውየው ባዶዎቹን ይዞ ሄዶ ሙሉዎቹን ይዞ ይመለሳል፤ ቤት ውስጥም ባዶዎቹን የሚያጠራቅማቸው በዚያው መያዣ ነው። ያ መያዣ ፈሳሽ ባይኖርበትም ጠርሙስ አያጣም፤ ስለዚህ የሚታጠፍበት ቀን አይመጣም። የተለመዱት የመጠጥ ሳጥኖች የማይታጠፉት የሚያጥፋቸው ፈጣሪ ጠፍቶ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሳጥኑ ሲሄድም ሲመለስም ቁመቱን የሚሞላ ጭነት አለው። ተጣጣፊ ሳጥን ሥራ የሚያገኘው ጭነቱ ሄዶ በሚቀርበት መስመር ላይ ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን ታጥፎ 5 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ በአንዱ ቦታ አምስት ይጫናል፤ ሲመለስ አየር ጭኖ የሚሄደው መኪናም ቁጥሩ ይቀንሳል። ጠርሙሱ በሚመለስበት መስመር ላይ ግን ማጠፊያው የሚሰብረው አካል ከመጨመር ያለፈ ጥቅም የለውም።

መስቀለኛውን መለያ ለመተው አንድ ወር ፈጀብኝ። ሰው የሠራውን ብልሃት ከችግሩ በላይ ሊወደው እንደሚችል የተረዳሁት በዚያ ወር ነው። በመጨረሻ ወደማይመለሰው ጠርሙስ፣ ማለትም ወደ ባለ 1 ነጥብ 5 ሊትሩ የፕላስቲክ ጠርሙስ ዞርኩ። ክብደቱ ብዙም አልተለወጠም፤ ስድስቱ 9 ኪሎ ናቸው። የተለወጠው ሌላው ሁሉ ነው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቢጋጭ ስለማይሰበር መለያዎቹ ከነመስቀላቸው ወጡ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ መያዣው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ በእርግጥ ተገኘ፤ ሰውየው ወደ መደብሩ ሲሄድ ታጥፎ ከቦርሳው ውስጥ መግባት አለበት።

እዚህ ላይ ሳላነሣው ማለፍ የማይገባኝ አንድ ተፎካካሪ አለ። የፕላስቲክ ጠርሙስ ከክዳኑ ሥር ቀለበት የመሰለ ከንፈር አለው፤ ስድስት ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ሰሌዳ እነዚህን ከንፈሮች ነክሶ ጠርሙሶቹን ማንጠልጠል ይችላል። ሰሌዳው ከመጀመሪያውም ጠፍጣፋ ስለሆነ መታጠፍ አያስፈልገውም። ይህን ሳስብ ሥራዬን ልተወው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያላስተወኝ የአንገቶቹ አለመመሳሰል ነው፤ የጠርሙስ አንገት አንዱ 28፣ አንዱ 30፣ ሌላው 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ 28ን በደንብ የሚነክስ ቀዳዳ 38ን አያስገባም። ከዚህም ሌላ 1 ነጥብ 5 ኪሎ የሚመዝን ጠርሙስ በአንገቱ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የተሸካሚውን ጉልበት ይመታል። ከሥር የሚሸከም መያዣ ግን አንገቱን አይጠይቅም፤ የጠርሙሱ ወገብ ከ90 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ ይበቃዋል።

ሌላው ራሴን የጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ሁሉ ፕላስቲክ ለምን የሚለው ነው። የእኔ መያዣ 380 ግራም ገደማ ይመዝናል። ስስ ፌስታል ግን 6 ግራም ያህል ብቻ ነው። 9 ኪሎ ለመሸከም ሁለት ፌስታል ቢያስፈልግ፣ መያዣው የበላውን ፕላስቲክ ለማካካስ ከ30 በላይ ጉዞ ማድረግ አለበት፤ ይህም በጥሬ ዕቃው ክብደት ብቻ ሲታሰብ ነው። 30 ጉዞ ለዕቃው ጥንካሬ ምንም አይደለም። አስቸጋሪው ሰውየው በ30ውም ጉዞ ዕቃውን ሳይረሳ ይዞት መውጣቱ ነው፤ ይህ የሚወሰነው ደግሞ ዕቃው ሲታጠፍ ምን ያህል እንደሚያንስና ለማጠፍ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ነው። መታጠፉ የዕቃው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ለመኖሩ ምክንያት የሆነው በዚህ ስሌት ነው።

አሁን ያለው ቅርጽ እንዲህ ነው። በመካከል 35 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ግድግዳ ይቆማል፤ እጀታው በዚህ ግድግዳ አናት ላይ የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ከግድግዳው ግርጌ በግራና በቀኝ ወለል ይዘረጋል፤ በእያንዳንዱ ወለል ላይ ሦስት ጠርሙሶች ይቆማሉ። ከወለሎቹ ጠርዝ አጫጭር የውጭ ግድግዳዎች ይነሣሉ፤ እነዚህ ደግሞ በሁለቱ ጫፎቻቸው ጆሮ የመሰለ ክንፍ አላቸው፤ ክንፎቹ ታጥፈው በመንጠቆ ከመካከለኛው ግድግዳ ጋር ይያያዛሉ። መንጠቆዎቹ ሲለቀቁ ወለሉ ወደ ላይ ተነሥቶ ከመካከለኛው ግድግዳ ጋር ይጋደማል፤ የውጭው ግድግዳም ተከትሎት ይተኛል፤ ዕቃው ሁሉ 3 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ውፍረት ይዞ ይቀራል።

መንጠቆው ብዙ ዋጋ አስከፍሎኛል። በመጀመሪያ ያደረግሁት ከጎን የሚጫን ቁልፍ ነበር፤ ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ይገባል፤ ድምፁም እምነት ያሳድራል። ነገር ግን ወለሉ ሲጫን የውጭውን ግድግዳ ወደ ታችና ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ይህ ግፊት ቁልፉን በገባበት አቅጣጫ መልሶ ያወጣዋል። ደረጃ እየወጣሁ ሳለ አንዱ ተከፈተ፤ ሦስት ጠርሙሶች በደረጃው እየነጠሩ ወረዱ። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት ይህ ነው፤ ጠርሙሶቹን በጣቶቼ መካከል ሰክቼ ብሸከም ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት የተማርኩት ሸክሙና መቆለፊያው በአንድ አቅጣጫ መሥራት እንዳለባቸው ነው። አሁን መንጠቆው ከላይ ሰፋ ብሎ ወደ ታች በሚጠብ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሶቹ በከበዱ ቁጥር መንጠቆው ወደ ጠባቡ ክፍል ይበልጥ ይሰምጣል፤ ለመክፈት ክንፉን 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ላይ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ይህን ደግሞ ሸክም ላይ ያለ መያዣ እሺ አይልም። መሬት ላይ ሲቀመጥና ሲራገፍ ብቻ ይከፈታል። ምንም ተጨማሪ አካል አልገባበትም፤ የተለወጠው የቀዳዳው ቅርጽ ብቻ ነው።

ማጠፊያዎቹ ሌላ ታሪክ ናቸው። እዚህ መያዣ ላይ የብረት ዘንግ ወይም የሚገጣጠም ፒን የለም፤ ማጠፊያው ራሱ ፕላስቲኩ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ገበታ በአንድ መስመር ላይ ወደ 0 ነጥብ 4 ሚሊ ሜትር ይሳሳና በዚያ መስመር ይታጠፋል። በሻምፑ ዕቃ ክዳን ላይ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው። ይህን ያለ ድካም የሚያደርገው ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጣሊያናዊው ኬሚስት ጁሊዮ ናታ በ1954 እ.ኤ.አ. ሞለኪውሎቹ በሥርዓት የተደረደሩበትን ዓይነት ሠርቶ ካሳየ በኋላ ጥቅም ላይ የዋለ ፕላስቲክ ነው፤ ናታም ከካርል ዚግለር ጋር በ1963 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። የፖሊፕሮፒሊን ሞለኪውሎች ረጃጅም ሰንሰለቶች ናቸው። ቀልጦ በስሱ መስመር ሲያልፍ ሰንሰለቶቹ በፍሰቱ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፤ ከሞልዱ እንደወጣም በትኩሱ አንድ ሁለት ጊዜ ከታጠፈ ይበልጥ ይሳቡና እንደ ገመድ ክር ጎን ለጎን ይተኛሉ። እንዲህ የተሠራ ማጠፊያ እልፍ ጊዜ ቢታጠፍ አይበጠስም።

ይህ የሚሆነው ግን ፕላስቲኩ መስመሩን በአንድ አቅጣጫ አቋርጦ ካለፈ ነው። በመጀመሪያው የሙከራ ሞልድ ላይ ቶሎ እንዲሞላ ብዬ ከማጠፊያው በወዲህና በወዲያ ለቀለጠው ፕላስቲክ ሁለት መግቢያ አደረግሁ። ሁለቱ ፍሰቶች የተገናኙት በትክክል ማጠፊያው ላይ ነበር፤ ቀዝቀዝ ብለው የተገናኙ ፍሰቶች ደግሞ በደንብ አይዋሃዱም። የወጣው ገበታ ዓይን ሲያየው እንከን የለውም፤ ባጠፍኩት በሦስተኛው ጊዜ ግን እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰነጠቀ። አንዱን መግቢያ ዘግተን ፕላስቲኩ ከአንድ ወገን ብቻ እንዲያልፍ ስናደርግ ያው ሞልድ፣ ያው ጥሬ ዕቃ፣ ያው ውፍረት የማይበጠስ ማጠፊያ ሰጠን። ከዚያ በኋላ የቀረው የማጠፊያው ሁለት ጫፎች ነበሩ፤ መቀደድ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከጫፍ ስለሆነ፣ ሹል የነበረውን ጥግ አዙረን ክብ አደረግነው።

ከዚያ በፊት በስሪዲ ፕሪንተር የሠራኋቸው ናሙናዎች በዚህ ጉዳይ ሁለት ጊዜ አሳስተውኛል። የታተመ ማጠፊያ ንብርብር በንብርብር የተሠራ ስለሆነ የተሳቡ ሰንሰለቶች የሉትም፤ ቶሎ ይበጠሳል። እኔም ስሱን ማጠፊያ ትቼ ወደ ፒን ልሄድ ነበር። በተቃራኒው መንጠቆው በታተመው ናሙና ላይ በጣም ጥሩ ሠርቶ በሞልድ የወጣው ላይ አልገጥም አለ። ናሙና የቅርጽን ነገር እንጂ የጥሬ ዕቃን ነገር አይመሰክርም፤ ስለ እጀታው ምቾት ስጠይቀው ግን አንድም ጊዜ አልዋሸኝም።

ፖሊፕሮፒሊን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ እሱም ብርድ ነው። ሌላ ነገር ያልተቀላቀለበት ዓይነቱ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ልስላሴውን ያጣል። መጠጥ የሚይዝ ዕቃ ደግሞ ከማቀዝቀዣ ርቆ አይኖርም። ባዶውን መያዣ ሌሊቱን በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች አሳድሬ ጠዋት ከጉልበት ቁመት ጣልኩት፤ አንዱ ክንፍ ተገንጥሎ ሄደ። ኤቲሊን ወደተቀላቀለበት ዓይነት ከተዛወርን በኋላ ያው አወዳደቅ ጭረት ብቻ ነው የተወበት፤ ግትርነቱ ጥቂት ስለቀነሰ ግን ከወለሉ ሥር ተጨማሪ ሪብ፣ ማለትም ገበታውን የሚያጠነክር ቀጭን ድጋፍ፣ ማስገባት ነበረብን። ሪብ ሲባል ደግሞ ወፈር ማድረግ ያጓጓል፤ ሪቡ ከገበታው ውፍረት ግማሽ ያህል ካለፈ ግን ከበስተጀርባው ፕላስቲኩ ሲኮማተር ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ይተዋል። የወለሉ ፊት የሚታይ ስለሆነ እኔ ጠባሳውን አልወደድኩትም፤ ሪቦቹን አሳስቼ ቁጥራቸውን አበዛሁ።

የሞልዱን ወጪ ያዳነው ሐሳብ የአዛውንቱ ነው። እኔ የነደፍኩት ዕቃው በሙሉ በአንድ ገበታ ተዘርግቶ እንዲወጣ ነበር። ቀልጦ የገባው ፕላስቲክ ሞልዱን ከውስጥ ይገፋዋል፤ ማሽኑ ይህን ግፊት ተቋቁሞ ሞልዱን ዘግቶ መያዝ አለበት፤ የገበታው ስፋት በእጥፍ ሲጨምር የሚያስፈልገው ጉልበትም በእጥፍ ይጨምራል። «ግራና ቀኙ አንድ አይደሉም እንዴ? ለምን ሁለት ጊዜ ትቀርጸዋለህ?» አሉኝ። እውነትም መያዣው ከመካከለኛው ግድግዳ ላይ ለሁለት ቢሰነጠቅ ሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት ናቸው። አንድ ሞልድ አንድ ክፍል ያወጣል፤ ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ተገጥመው ይጣበቃሉ፤ አንዱ ጠርዝ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ከሆነ፣ ያው ክፍል ሲዞር ራሱን ይገጥማል። ማሽኑም ሞልዱም በግማሽ አነሱ።

ያልጠበቅሁት በረከትም ተከተለ። ፖሊፕሮፒሊን ሲቀዘቅዝ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይኮማተራል፤ 29 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ባለው ገበታ ላይ ይህ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ መንጠቆው ያልገጠመውም በዚህ ምክንያት ነበር። መኮማተሩ በፍሰቱ አቅጣጫና ከፍሰቱ አግድም እኩል ስለማይሆን ገበታው ይጣመማል። የእኛም ክፍል ጥቂት ጎብጦ ነበር የሚወጣው። ሁለቱ ክፍሎች ጀርባ ለጀርባ ሲገጠሙ ግን የአንዱ ጉብጠት የሌላው ተቃራኒ ስለሆነ እየተጓተቱ ቀጥ አሉ። ይህን ማንም አላሰበውም።

ስለ እጀታው ባጭሩ ልናገር። ሁለቱ ግድግዳዎች ተገጥመው 4 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ 9 ኪሎ በ4 ሚሊ ሜትር ጠርዝ ላይ ሲንጠለጠል ጣትን እንደ ሽቦ ይቆርጣል። ጠርዙን በሁለቱም በኩል ወደ ውጭ ቀልብሼ 24 ሚሊ ሜትር አደረስኩት፤ በመዳፍ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ። ታጥፎ የሚቀረውን ውፍረት የሚወስነው አሁን ይህ እጀታ ነው፤ ከገበታዎቹ ሁሉ በላይ ወፍራም እሱ ነው። እጀታው ለስላሳ ጎማ ይልበስ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ አልተቀበልኩትም። ዕቃው ዕድሜው ሲያልቅ በአንድ ላይ ተፈጭቶ እንደገና እንዲቀልጥ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ ብቻ መሠራት ነበረበት።

ሙሉ ሸክም ይዞ በሞቀ መኪና ውስጥ የሰነበተ አንድ መያዣ ወለሉ ጥቂት ረግቦ ተገኝቷል። ፕላስቲክ ለአንድ ሰዓት የሚችለውን ሸክም ለአንድ ወር አይችለውም። ይህን ገና አልጨረስነውም፤ የሪቦቹን ቁመት 2 ሚሊ ሜትር ለመጨመር አስበናል።

ባለፉት ወራት ሃያ የሚሆኑ መያዣዎችን ለምናውቃቸው ሰዎች ያለ ምንም ማብራሪያ ሰጠን። ብዙዎቹ መዘርጋቱን ወዲያው አወቁት። ማጠፉን ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞክረው ተዉት፤ አራት መንጠቆ አንድ በአንድ መልቀቅ ከገበያ ደክሞት ለተመለሰ ሰው ብዙ ነው። አዲሱ ንድፍ በአንድ ጫፍ ያሉትን ሁለት ክንፎች አንድ ላይ ስለሚያያይዝ አራቱ ሁለት ይሆናሉ፤ በአንድ እጅም ይከፈታል። አንዱን የሰጠኋቸው አክስቴ ቤት ስሄድ መያዣው ተዘርግቶ ከሶፋው አጠገብ ቆሞ አገኘሁት፤ በአንዱ ወገን ጃንጥላና የስልክ ቻርጀር፣ በሌላው ወገን የሹራብ ክርና ፒንሳ ተቀምጦበታል። ለምን እንዳላጠፉት ስጠይቃቸው ቀና ብለው አዩኝና «ባዶ አይደለም እኮ ልጄ» አሉኝ።